ባናው ከማይክሮፎኑ ይቅደም

ልጆቼ፣

በየጊዜው፣ ቤቱ ውስጥ ዘፈን መቅጃ ስቱዲዮ ሊሠራ ያሰበ ከእናንተ አንዱ ወደ ቤቴ ብቅ ይላል። ገና ሻይ ሳይቀርብ ስልኩን አውጥቶ የማይክሮፎን ፎቶግራፍ ያሳየኛል። «ጋሼ፣ ይህ ይሻላል ወይስ ያኛው?» ዋጋውን ስጠይቅ የአንድ ወይፈን ዋጋ ይነግረኛል። «የምትቀዳበት ክፍልስ እንዴት ያለ ነው?» ስለው ግን ዝም ይላል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ያ ዝምታ ስለሰለቸኝ ነው።

ዛሬ ማታ ባዶ ክፍላችሁ መካከል ቁሙና አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። አሁን ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራው ቤት አብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ጭብጨባችሁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ «ዝርርር» ብሎ ይመለሳል። ክፍሉ ትንሽ የገደል ማሚቶ ሆኗል ማለት ነው። ውድ ማይክሮፎን ደግሞ ይህን ነውር አይሸፍንላችሁም፤ እንዲያውም ከርካሹ አጥርቶ ያወጣዋል። አንዴ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር የተቀዳ ማስተጋባት በኋላ በኮምፒውተር ሙልጭ ተደርጎ አይወጣም።

እናንተ የበግ አገር ልጆች ናችሁ። ከሩቅ አገር የመጣ ስስ ስፖንጅ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የመንዝ ባና ፈልጉ። ስሱ ስፖንጅ የሚበላው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ ወፍራሙ እንዳለ ይቀርና ክፍሉ የታፈነ በርሜል ይመስላል። ባናውን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሩት፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አርቃችሁ አቁሙት። የማርቀው ያለምክንያት አይደለም። ድምፅ የአየር መወዛወዝ ነው፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ አየሩ መወዛወዙን ያቆማል፤ የበግ ፀጉር ደግሞ ድምፅን የሚውጠው አየሩ በመካከሉ ሲመላለስ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ራቅ ያለው ባና ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ይልቅ ወደ ወፍራሙ ድምፅ ወረድ ብሎ ይሠራል።

ወፍራሙን ጨርሶ ግን አይችለውም። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በሁለት ግድግዳዎች መካከል 3 ሜትር ያለው ክፍል በ57 ኸርዝ (በሴኮንድ 57 መወዛወዝ) አካባቢ የራሱን ድምፅ ይጨምራል፤ የቤዝ ጊታሩ አንዳንድ ኖታ ብቻውን ገንኖ የሚወጣው በዚህ ነው። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ክፍል ከሆነማ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ምርጫ ካላችሁ አራቱም ጎን እኩል የሆነውን ክፍል ለመኝታ ተዉት። ወፍራም ድምፅ ማዕዘን ላይ ስለሚከማች፣ ጥሬ የበግ ፀጉር የሞላበት ጆንያ በየማዕዘኑ እስከ ጣሪያ ደርድሩ። በክረምት እርጥበት ሲነካው እንደ በግ በረት ይሸታል፤ ባለቤቴ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም።

ስለ ቆርቆሮው መፍትሔ የለኝም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀረጻ አትቅጠሩ፤ ብትቀጥሩም ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ባጃጁም ሰውም ሲተኛ።

አሁን ወደ ማይክሮፎኑ። ክፍሉ ገና ካልተስተካከለ ዳይናሚክ በሚባለው ዓይነት ማይክሮፎን ጀምሩ። ሹር ኤስ ኤም 57 የሚባለው ከ1965 እ.ኤ.አ. እስከ ዛሬ የሚሠራ ነው፤ ቀርቦ ለሚዘፍን ሰውም፣ ለከበሮም፣ ለጊታር አምፕሊፋየርም ያገለግላል፤ የሩቁን ድምፅ ብዙም ስለማይሰበስብ የክፍሉን ጉድ ይታገሳል። አስመስለው የሚሸጡት ብዙ ነውና ሳትሞክሩ ገንዘብ አትስጡ። ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ማይክሮፎን ከሳውንድ ካርዱ (ከኮምፒውተሩ ጋር ከሚያገናኘው ዕቃ) 48 ቮልት ይፈልጋል፤ ስሜቱም ስስ ነው። ከጣርማ በር ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይዛችሁት ስትወርዱ ከነቦርሳው አንድ ሰዓት አቆዩት። ቀዝቃዛ ብረት ላይ የሞቀ አየር ሲያርፍ ጤዛ ይቋጥራል፤ ያ ጤዛ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ እንደ ቆሎ መንጣጣት ይጀምራል።

ማይክሮፎን የት እንደሚቆም ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ረዳት ሳለሁ ከአንኮበር በኩል አንድ በገና ደርዳሪ ሽማግሌ መጡ። መደርደር ሲጀምሩ በጆሮ ማዳመጫዬ «ዝዝዝ» የሚል ነገር ሰማሁ። ኬብሉ ተበላሽቷል ብዬ ለወጥኩ፤ መስመሩንም ቀየርኩ፤ አልጠፋም። ብልህ መስሎኝ ቀጭኑን ድምፅ በኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ለየብቻ በሚጨምረውና በሚቀንሰው) ቆረጥኩትና ዝዝታው ጠፋ። ሽማግሌው የተቀዳውን አዳምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ልጄ፣ በገናዬን የት አደረስከው?» አሉኝ።

ጆሮዬን በርኩማው፣ ጅማቶቹ የሚያርፉበት ድልድይ፣ አጠገብ አስጠጉኝ። አሥሩም ጅማት በርኩማው ላይ ሲያልፍ ከሥሩ እንዚራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ አለች። እርሷን በጣት ጫፍ ወዲያና ወዲህ ገፋ ሲያደርጓት ጅማቱ ንክት እያደረጋት ይነዝራል። ጥፋት ብዬ የቆረጥኩት ዝዝታ የበገናው ነፍስ ነበር። ከጅማቱ ዋና ድምፅ በላይ የተደራረቡት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው ያን ንዝረት የሚሠሩት፤ እኔም የቆረጥኩት እነርሱኑ ነው። በማግስቱ ተመልሰው እንዲመጡ ለምኜ ማይክሮፎኑን ወደ በርኩማው አዙሬ፣ ሁለት ስንዝር ያህል አርቄ፣ ኢኳላይዘሩን ሳልነካ ቀዳሁ። ማይክሮፎኑ ወደ ገበቴው (ወደ በገናው የድምፅ ሣጥን) በጣም ሲጠጋ ወፍራሙ ያብጣል፤ ሲርቅ ክፍሉ ይገባል። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን መሣሪያ ከመቅዳቴ በፊት ተጫዋቹ ፊት ተንበርክኬ በባዶ ጆሮ እሰማለሁ። መሰንቆ ላይ የፈረስ ጭራው የሚፋተግበት ድምፅ የት እንደሚጎላ፣ ዋሽንት ላይ ትንፋሹ በየት በኩል እንደሚወጣ በዚህ መንገድ ታገኙታላችሁ።

ድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌርም በዚሁ ይታያል። ኦክታቩን (ከአንድ ኖታ እስከ መሰሉ ያለውን ርቀት) 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ዘፋኙን ወደ ቅርቡ ይጎትታል። ለኪቦርድ ዘፈን ይሁን፤ በክራር የተቃኘን፣ ከእነዚያ 12 ቦታዎች ጋር የማይገጥም አንቺሆዬ በዚያ መጎተት ግን የበገናውን ዝዝታ መቁረጥ ነው። ብታበሩትም ጆሯችሁን አታጥፉ።

ስትቀዱ 24 ቢት ላይ አድርጉ፤ ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ፣ ማለትም መቅጃው ከሚችለው ጣሪያ፣ 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ዝቅ ይበል። ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም። በስፒከራችሁ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ፤ ከጠፋ ጥፋቱ የመብራቱ መስመር ነው፣ ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ነውና። ስለ ሶፍትዌር አትጨቃጨቁ፤ ሁሉም ይሠራል።

ስፒከር ግን ያከራክራል። ያማሃ ኤን ኤስ 10 የሚባለው ስፒከር በ1978 እ.ኤ.አ. ለሳሎን ተብሎ ወጣ፤ ለሳሎንም ብዙ የሚወደድ አልነበረም፤ የዓለም ስቱዲዮዎች ግን በ2001 እ.ኤ.አ. ምርቱ እስኪቆም ድረስ ሠሩበት። ጉድለቱን ለቃቅመው ያውቁት ስለነበር ነው። እናንተም ያላችሁን ሁለት ስፒከር፣ ከእናንተ ጋር ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ጆሯችሁ ትይዩ ቁሞ፣ የምታውቋቸውን ዘፈኖች ለወራት አሰሙት። ድምፁን ከሰው ጋር እያወራችሁ በምትሰሙት መጠን ያዙት። ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ቤዝን ይረሳል፣ ሲጮህ ደግሞ ሁሉም ያማረ ይመስለዋል፤ ይህ በ1933 እ.ኤ.አ. ፍሌቸርና መንሰን በተባሉ ተመራማሪዎች ጥናት ከታየ ቆይቷል። ከዚያ በስልክ ስሙት፤ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥም ሾፌሩን ለምናችሁ አስከፍቱት።

የቀዳችሁትን በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይሁን። በዚያው በረዳትነቴ ዘመን ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ አዝማሪ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጫወት በካሴት ቀዳሁት። ካሴት ውድ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለአንድ ዘመድ ሰርግ በላዩ ላይ ቀዳሁበት። አዝማሪው ከዚያ በኋላ አልተገኘም። ካሴቱ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የሰርጉ ዘፈን ካሴቱ ከማለቁ ትንሽ ቀደም ብሎ ያልቅና፣ ከጭብጨባው ኋላ አርባ ሴኮንድ የማትሞላ መሰንቆ ቀርታለች። ስትመጡ አሰማችኋለሁ።