ሞተሩ ከወረደ አይቀር ምን ምን ይሠራ?

ጠያቂው ወንድማችን የ5ኤል (የቶዮታ ናፍጣ) ዳብል ጋቢና ሃይሉክሳቸውን ሞተር ከሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ) በገዙት ያገለገለ ሞተር ሊያስቀይሩ መሆኑን ገልጸው፣ «ሞተሩ ከወረደ አይቀር አብሬ ምን ላሠራ?» ብለዋል። እዚሁ ባሕር ዳር በተመሳሳይ መኪና ላይ ሞተር ያስወረድኩ፣ ከዚያም በራሴ ቁጠባ ምክንያት ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዳግም ያስፈታሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የደረሰብኝን ልጻፍልዎ።

ያን ጊዜ የፍሪሲዮኑ ሸራ (የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) «ገና ነው፣ ዓመት ይሄዳል» ስለተባልኩ የድሮው እንዳለ ተመለሰ። ከአራት ወር በኋላ ከመራዊ ሽንኩርት ጭኜ ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ካምቢዮው ሲወርድ ከሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያፈስ ከሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) የወጣው ዘይት ሸራውን አርሶት፣ ቮላኖው (ሸራው የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) ላይም እንደ ቅጥራን የሚያጣብቅ ጥቁር ጭቃ ሆኖ አገኘነው። ያገለገለ ሞተር መጋዘን ውስጥ ለወራት ሲቀመጥ የኦይል ሲሉ ላስቲክ ደርቆ ይጠነክራል፤ ሥራ ሲጀምር ዘይት ያስተላልፋል። ለላስቲኩ ያልከፈልኩትን ለሸራውና ለማውረጃው ከፈልኩት።

ስለዚህ ቅድሚያ የምሰጠው ሞተሩና ካምቢዮው ካልተለያዩ ለማይደረስበት ዕቃ ሁሉ ነው። የሞተሩን የኋላ ኦይል ሲልና የካምቢዮውን የፊት ኦይል ሲል፣ የፍሪሲዮኑን ሸራ ከነፕሬዠሩ (ሸራውን ከሚጫነው ሳህን ጋር)፣ የሚገፋውን ኩሽኔታ፣ እንዲሁም ቮላኖው መሐል የምትቀመጠውን ትንሿን ኩሽኔታ (ብዙ ጊዜ የምትረሳው እሷ ናት) አንድ ላይ ያስቀይሩ። ቮላኖው ላይ በሙቀት የጠቆረ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ አለዚያም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካዩ ቶርኖ ቤት ወስደው ያስመርምሩት። በብሎኩ ጎንና ጀርባ ያሉት የውሃ መድፈኛ ክብ ቆርቆሮዎችም ዝገት ካለባቸው ጊዜያቸው አሁን ነው።

የታይሚንግ ቺንጋውን (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬደውን ቀበቶ) በተመለከተ ክርክር አያስፈልግም። ዳሽቦርድዎ ላይ ያለው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሚናገረው ስለ መኪናዎ እንጂ ስለገዙት ሞተር አይደለም፤ ያ ሞተር ስንት እንደሄደ ሻጩም አያውቅም። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ስለሚጋጩ ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ ከነመወጠሪያው አዲስ ይደረግ፤ ቀኑንና ቆጣሪው ያሳየውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ኮፈኑ ውስጥ ይለጥፉ። እኔ ከዚያ ወዲህ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን አሮጌው ሞተር በምን እንደሞተ ይጠይቁ። የእኔ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) የተሰነጠቀው የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ ሞቆ ነው፤ ያን ጥፋት ሳላጸዳ አዲስ ሞተር ባስገባ ኖሮ እሱም በዚያው መንገድ ይሄድ ነበር። ራዲያተሩ ሲወርድ ፊቱ ላይ የገጠር መንገድ ጭቃና በሐይቁ ዳር ማታ ማታ የሚነሳው ትንኝ ተጋግሮ፣ ክንፎቹ መሐል በባትሪ ብርሃን እንኳ አላሳይ ብሎ ነበር። ራዲያተሩን ከውስጥም ከውጭም ያሳጥቡት፣ የውሃ ቱቦዎቹን ይቀይሩ፣ ክዳኑንም አይናቁት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የያዘው ግፊት ነው፤ ላስቲኩ የተበላ ክዳን ይህን አይችልም።

ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተውን) «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ የሚጥል መካኒክ አይጠፋም፤ እባክዎ አይስማሙ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን መንገድ አብሮ ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። አዲሱንም ቢሆን ከመግጠም በፊት ቤት ውስጥ ድስት ላይ አድርገው ያፍሉትና ሲከፈት በዓይንዎ ይዩ። ውሃውም የጉድጓድ ወይም የሐይቅ አይሁን፤ የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር ይቀላቀል።

ከዲናሞው ጀርባ ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም ፓምፕ አለ፤ የሞተር ዘይት የሚያመላልሱለት ቀጫጭን ቱቦዎች በሙቀት ይደርቃሉ። አንዱ መንገድ ላይ ቢፈነዳ ሞተሩ ዘይቱን መሬት ላይ ያፈሳልና ሁለቱንም ይቀይሩ። ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ጎማዎች ከተሰነጠቁ ይለወጡ፤ ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ ሻንሲው የሚሄደው የኔጌቲቭ ሽቦ ጫፉ ተፍቆ ይጥበቅ፤ አለዚያ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲንከራፈፍ ጥፋቱን ባትሪው ላይ ያላክካሉ።

ደህና የሚሠራ ካምቢዮ ከወረደ በኋላ ግን ውስጡን አያስፈቱ። ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፕና ማሞቂያ ካንዴላ በኋላም ስለሚደረስባቸው፣ ብር ካጠረዎ የሚያቆዩት እነሱን ነው።

ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በብሩሽ አጽድተው ፎቶ ያንሱት፤ ከገባ በኋላ ለማንበብ ያስቸግራል። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ ለውጡን ማስመዝገብዎ አይቀርም፤ ስለዚህ ሻጩ የሰጠዎት ሰነድ ላይ ያለው ቁጥር ከብሎኩ ጋር አንድ መሆኑን ሞተሩ ገና መሬት ላይ ሳለ ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።