የተዋስኩት ኮት

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ልጅ ደወለችልኝ። መሥሪያ ቤቷ ለስብሰባ ለንደን ሊልካት ነው። የተያዘላት ሆቴል ትንሽ፣ ውድ፣ የድሮ የእንግሊዝ ክለብ የሚመስል ነው አለች። «ጋሼ፣ እዚያ ቤት እንዴት ነው የሚኮነው?» ሳቅኩባት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

1986 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ዓመታት ቡና ቀማሽ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ አንድ ላኪ ጋ ተቀጥሬ ነበር። የይርጋጨፌ የታጠበ ቡና ናሙና በሻንጣ ይዤ ለንደን ገባሁ። ገዢያችን ሽበታም ሽማግሌ ነው። ሴንት ጄምስ የሚባል ሰፈር ሆቴል ያዘልኝ። የክለቦች ሰፈር ነው፤ ክለብ ስል የጭፈራ ቤት አይደለም፣ ከበርቴ ወንዶች አባል ሆነው የሚበሉበት፣ የሚያወጉበት ቤት ነው። ዋይትስ የሚሉት ክለብ በፈረንጆቹ 1693 የተጀመረ ነው። ፖል ሞል የሚባል ጎዳና ላይ ያለው ሪፎርም ክለብ ደግሞ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በነሱው 1981 ነው፤ ያውም ከብዙዎቹ ቀድሞ!

ሆቴሉም የነሱ ታናሽ ወንድም ይመስላል። ደብዛዛ መብራት፣ የሚነድ ምድጃ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ ወንበር፣ የፈረስና የውሻ ሥዕል፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ መጽሐፍ። ሰው ሁሉ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

እኔ በሹራብ ወረድኩ። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ፣ በጣም በትሕትና፣ ያለ ኮት እንደማይገባ ነገረኝ። ከጓዳ አንድ ሰማያዊ ኮት አመጣልኝ። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። ኪሱ ውስጥ የሌላ ሰው የቲያትር ትኬት ቁራጭ ነበር። ምሽቱን ሙሉ እሱን ሳሻሽ አመሸሁ። የትኛው ሹካ የትኛው ነው እያልኩ፣ የበላሁትንም አላውቀው።

ከእራት በኋላ ምድጃው አጠገብ ቡና መጣ። የብር ማንቆርቆሪያ፣ ስስ ስኒ። ቀመስኩት። ሰዓታት እሳት ላይ የቆየ፣ አመድ አመድ የሚል ነገር ነው። ሽማግሌው ዓይን ዓይኔን እያየ «እንዴት ነው?» አለኝ።

«በጣም ግሩም ነው» አልኩ።

እሱ የራሱን ስኒ አንዴ ፉት ብሎ አስቀመጠው። ምንም አላለም።

በማግስቱ ቢሮው ውስጥ ናሙናዬን ቀመስን። እንደ ደንቡ በማንኪያ በኃይል እየሳብን፣ እየተፋን። «የዘንድሮው ምርጥ ይሄ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር። «ከትናንት ማታው ይበልጣል?» አለኝ ፈገግ ብሎ። ሁለት ኮንቴይነር እሸጣለሁ ብዬ ሄጄ አንድ ሸጬ ተመለስኩ። ዋጋ ነው ያጣላን ብዬ ለአለቃዬ ነገርኩት።

እሁድ ቀን አላስችል ብሎኝ ባቡር ይዤ ባዝ የምትባል ከተማ ሄድኩ። ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን ለማየት። በፈረንጆቹ 1958 ለከተማው አረጋውያን ብለው የሰጡት ቤት ነው። በሩ ላይ ቆሜ፣ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ ቆርጥሜ ተመለስኩ። ከዚያ ጉዞ ጣዕሙ ትዝ የሚለኝ ምግብ እሱ ብቻ ነው።

ስለ ሹካና ቢላዋ አልመክራችሁም፤ ዩቲዩብ አለላችሁ። እናንተ ደግሞ ከእኛ ትሻላላችሁ፤ አታፍሩም። አንዳንዴ ትንሽ ብታፍሩ ደስ ይለኛል፤ ምድጃውን ከመሞቃችሁ በፊት ፎቶ ታነሱታላችሁ። ሒሳቡን ግን አንብቡ፤ እዚያ አገር ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ተጨምሮበት ይመጣል፤ በላዩ ላይ ደግማችሁ ጉርሻ እንዳትሰጡ። ልብስ አያስጨንቃችሁ፣ ሰው በልብሱ አይለካም። ኮት ግን ያዙ። በልካችሁ የሆነ።

ልጅቷን ቡናቸውን ቅመሺና እውነቱን ንገሪያቸው አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሻይ ነው የምጠጣው» አለችኝ።