ሰውዬው ለምን አያወራም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን ሳይት ላይ ፌራዮ ነኝ፣ ማታ ማታ ሥዕል እሞክራለሁ። ጓደኛዬ ስልኬ ላይ «ብሌም» የሚል የጃፓን ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) ጫነልኝ። አንድ ሽጉጥ የያዘ ሰውዬ ማለቂያ በሌለው ሕንፃ ውስጥ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አያወራም። ታሪኩ አልገባኝም፣ ማቆምም አልቻልኩም። ሠዓሊው ማነው? የሥዕል ትምህርት ቤት ያልገባ ሰውስ እንዲህ መሣል ይችላል?

መልስ፦ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው ያነበብከው? የጃፓን ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። (አትፈር፣ እኔም አንድ ቅጽ ሙሉ ገልብጬ አንብቤ ነው የነቃሁት።) ስሙም «ብላም» ነው፣ እኛ «ዷ!» እንደምንለው የተኩስ ድምፅ።

ሠዓሊው ጹቶሙ ኒሄይ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ፉኩሺማ ውስጥ የተወለደ። አሁን ይህን ስትሰማ ፌሮህን ጥለህ እንዳትሮጥ እንጂ፣ ሰውዬው የመጣው ከአንተው ሠፈር ነው፤ ኮንስትራክሽን ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። እሱን ትቶ ኒውዮርክ ሄደ፣ ቆይቶም ጹቶሙ ታካሃሺ ለሚባል ሌላ የማንጋ ሠዓሊ ረዳት ሆነ። «ብላም»ን ከ1997 እስከ 2003 ሣለው፣ 10 ቅጽ።

ታሪኩ ባጭሩ፦ ማሽኖቹ ለሰው መታዘዝ አቁመዋል፣ ግን መገንባቱን አላቆሙም። ከተማው ዝም ብሎ ያድጋል፣ ጁፒተርን የሚያህል ባዶ ክፍል ሁሉ አለው። ኪሊ የሚባለው ያ ዝምተኛ ሰውዬ የሚፈልገው ማሽኖቹን ማዘዝ የሚያስችል ዘረመል የቀረለት ሰው ነው። ያን ሁሉ አርማታ አቋርጦ ለማን ያውራ? ኒሄይ ወሬውን ለሕንፃው ሰጥቶታል፤ ደረጃው፣ ቧንቧው፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለው ድልድይ ክብደቱ ይሰማሃል፣ ሰዉ ግን ጉንዳን ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ የሰው ፊት መሣል አይሆንለትም ነበር። ከ2009 እስከ 2015 በሠራው «የሲዶኒያ ባላባቶች» መስመሩ ቀጠነ፣ ገጹ ነጣ፣ ሰዎቹም መቀለድና መፋቀር ጀመሩ። በ2015 ኮዳንሻ የተባለው የጃፓን አሳታሚ የሚሰጠውን የማንጋ ሽልማት ያገኘውም በሱ ነው። ይገባዋል፤ እኔ ግን ያንን ጥቁሩን፣ ጭርታው የሚያስፈራውን ኒሄይ ነው የምወደው።

ትምህርት ቤት ቢኖር አልጠላም። አንተ ግን ሶሌታ በምን እንደሚቆም ታውቃለህ፣ እሱን ብዙ ሠዓሊ አያውቅም። አንድ ቀን 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ካላለቁት ብሎኮች አንዱ ሥር ቁምና ደረጃውን ብቻ ሣል፣ ከኮለኑ የወጣውን ፌሮ ሳትረሳ። ከዚያ ጀሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣ አንዲት ሴት ጨምርበት። ከጥፍርህ ከበለጠች ሌላ ወረቀት ላይ እንደገና ሞክር። ሲያልቅ ፎቶ አንስተህ ላክልን፤ በእስክሪብቶ ይሁን ታዲያ፣ እርሳስ በስልክ ፎቶ በደንብ ላይታይ ይችላል።