ከኤጀንሲ ጋር በውል ስንጣላ፦ በእንግሊዝ ኮንትራት ለምትሠሩ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። በገባሁት ቃል መሠረት የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ መጥቻለሁ። አብዛኞቻችሁ እንግሊዝ አገር በራሳችሁ ሊሚትድ ካምፓኒ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት)፣ ሥራ በሚያገናኝ ኤጀንሲ በኩል የምትሠሩ ናችሁ። አይቲ፣ ኢንጂነሪንግ፣ አካውንቲንግ። ስለዚህ የምመልሰው በእንግሊዝና ዌልስ ሕግ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ብዙ ዓመት በኮንትራት ስሠራ ያነበብኩትንና ያየሁትን ነው የማካፍላችሁ። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ጠበቃ አማክሩ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ክላየንቱ፣ ማለትም ሥራውን የምትሠሩለት ድርጅት፣ ውል ያለው ከኤጀንሲው ጋር ነው። እናንተም ውል ያላችሁ ከኤጀንሲው ጋር ነው። እናንተና ክላየንቱ በቀጥታ የፈረማችሁት ነገር የለም። ገንዘባችሁን የምትጠይቁት ኤጀንሲውን ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የሦስት ሳምንት ሥራ ሠርቼ ማናጀሩ ታይምሺቴን (የሠራሁበትን ሰዓት መመዝገቢያ) ሳይፈርም ከድርጅቱ ለቀቀ። ኤጀንሲው “ፊርማ ከሌለ ክፍያ የለም” ይለኛል። ውሉም እንደዚያ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አትሳቀቅ። በ2003 የወጣው የኤጀንሲዎች አሠራር ደንብ ቁጥር 12 ለዚህ ነው የተጻፈው። ሥራውን መሥራትህን በሌላ መንገድ ማሳየት ከቻልክ፣ ታይምሺት አልተፈረመም ብሎ ክፍያ መያዝ አይቻልም። “ክላየንቱ ገና አልከፈለንም” የሚለውም ምክንያት በዚያው ቁጥር ተከልክሏል። ኤጀንሲው የሚፈቀድለት ሰዓቱን ለማጣራት የሚበቃ ጊዜ መውሰድ ብቻ ነው።

ማስረጃ የምትለው ደግሞ ከእጅህ የራቀ አይደለም። የሕንፃው መግቢያ ካርድ መዝገብ፣ የላክኻቸው ኢሜይሎች፣ የቲምስ ስብሰባዎች፣ የዘጋኻቸው ቲኬቶች። ዛሬውኑ ሰብስብ። የክላየንቱ አካውንትህ ከተዘጋ ግማሹን አታገኘውም። የክላየንቱን ምሥጢራዊ ሰነድ ግን ወደ ግል ኢሜይልህ እንዳትልክ፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው። ቀንና ሰዓት የሚያሳየው ይበቃሃል።

አሁን ወደ መሰናክሉ። ሊሚትድ ካምፓኒ ያለው ሰው ከዚህ ደንብ “ኦፕት አውት” ማድረግ፣ ማለትም ደንቡ እንዳይመለከተው ተስማምቶ መውጣት፣ ይችላል። ፈርመህ ከሆነ ቁጥር 12 አይሠራልህም። ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ፤ ቀኑን እይ። ኦፕት አውቱ የሚጸናው ካምፓኒህም አንተም ተስማምታችሁ፣ ከክላየንቱ ጋር ከመተዋወቅህ በፊት ከሰጣችሁት ነው። ኤጀንሲዎች ደግሞ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ የሚልኩት ከውሉ ጋር አጣብቀው ነው። ያን ጊዜ አንተ ኢንተርቪው ጨርሰህ፣ ክላየንቱም ወዶህ ነው። ኢንተርቪው 3 ማርች፣ ኦፕት አውት 10 ማርች ከሆነ ያ ወረቀት ውሃ አያነሣም። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርገህ ጻፍላቸው።

ሌላም የሚከራከሩበት ቀዳዳ አለ። ሥራህን እንዴት እንደምትሠራ ክላየንቱ ጨርሶ የማይቆጣጠር ከሆነ “ደንቡ አንተን አይመለከትም” ይሉሃል። ያን ጊዜ ወደ ውሉና ወደ ፍርድ ቤት ነው የምትሄደው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ “ኦፕት አውት ካልፈረምሽ ሥራውን አንሰጥሽም” ብለውኛል። ይችላሉ?

መልስ፦ አይችሉም፣ እህቴ። ሥራ ማፈላለግን በኦፕት አውት ላይ ማንጠልጠል ራሱ ደንቡ የሚከለክለው ነው። በስልክ የሚሉሽን በጽሑፍ አይደግሙትም። ስለዚህ “ይህ ቅድመ ሁኔታ መሆኑን በኢሜይል ቢያረጋግጡልኝ?” ብለሽ ጠይቂያቸው። በትሕትና። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ እዚያው ይሞታል።

ጥያቄ፦ ኢንቮይሴ (የክፍያ መጠየቂያዬ) 6,000 ፓውንድ ነው። በ30 ቀን ይከፈላል የተባለው ካለፈ ሃምሳ ቀን ሆነው። “በሚቀጥለው ፔይመንት ረን” (በሚቀጥለው የክፍያ ዙር) እያሉ ያመላልሱኛል።

መልስ፦ ይኼን “ሚቀጥለው ፔይመንት ረን” የማያውቅ ኮንትራክተር ያለ አይመስለኝም። በ1998 የወጣው የዘገየ ክፍያ ሕግ በነጋዴና በነጋዴ መካከል ላለ ዕዳ ወለድ ይፈቅዳል። ካምፓኒህ ነጋዴ ነው። ወለዱ የእንግሊዝ ባንክ መሠረታዊ ወለድ ሲደመር 8 በመቶ ነው። መሠረታዊው 4 በመቶ ነው ብለን እናስላ። 12 በመቶ ማለት ለ6,000 በዓመት 720 ፓውንድ፣ በቀን ወደ 1.97 ፓውንድ ነው። በሃምሳ ቀን 98 ፓውንድ ከምናምን። በዚያ ላይ ለአንድ ኢንቮይስ ቁርጥ ካሣ አለ፦ ከ1,000 በታች ለሆነ ዕዳ 40፣ ከ1,000 ጀምሮ ከ10,000 በታች ላለው 70፣ ከ10,000 ጀምሮ 100 ፓውንድ። ስለዚህ ያንተ ከ168 ፓውንድ በላይ ነው።

ገንዘቡ ሀብታም አያደርግህም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ስሌቱን በቁጥር ያየ የሒሳብ ክፍል ኢንቮይስህን ወደ ላይ ያወጣዋል። ደብዳቤው ውስጥ የኢንቮይስ ቁጥር፣ መከፈል የነበረበት ቀን፣ ወለዱና ካሣው ይግባ። 14 ቀን ስጣቸው። ካልከፈሉ ፍርድ ቤት እንደምትሄድ ንገራቸው፤ ከተናገርክ ደግሞ ሂድ። እስከ 10,000 ፓውንድ ያለው በትንንሽ ክሶች መንገድ በኦንላይን ይከፈታል፣ ጠበቃ አያስፈልግም። ከተከራከሩህ ከ2024 ጀምሮ ጉዳዩ መጀመሪያ በስልክ ወደሚደረግ ነፃ ሽምግልና ይላካል። ብዙ ሰው እዚያው ይስማማል። የክስ መክፈቻውን ከረታህ ታስመልሰዋለህ። ዕዳው በውል ከሆነ ለመክሰስ ስድስት ዓመት አለህ፤ እስከዚያ ግን አትተኛ።

አንዳንዱ “ካምፓኒያችሁን አዘጋለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ልላክባቸው” ይላል። ዕዳውን የሚክዱበት እውነተኛ ምክንያት ካላቸው አትሞክረው፤ ወጪው በአንተ ላይ ሊዞር ይችላል።

ጥያቄ፦ ውሌ የአራት ሳምንት ኖቲስ (ውል ከመቋረጡ በፊት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ) ይላል። ማክሰኞ ጠዋት ደውለው “ከዛሬ ጀምሮ አትምጣ” አሉኝ። የአራት ሳምንቱን መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ እንደ ውሉ ነው፣ መልሴም ላያስደስትህ ይችላል። ውሉን ክፈትና “ሥራ የማቅረብ ግዴታ የለብንም” የሚል አንቀጽ ፈልግ። ሁልጊዜም ማለት ይቻላል አለ። ከጎኑ ደግሞ “የሚከፈለው ለተሠራና ለተፈረመ ሰዓት ብቻ ነው” ይላል። ሁለቱ ተደምረው ኖቲሱን ባዶ ያደርጉታል። ኖቲስ ላይ ነህ፣ ግን ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ክፍያ የለም። ዓይን ያወጣ ነገር ነው፤ ግን ፈርመኸዋል። እነዚያ ሁለት አንቀጾች ከሌሉ ወይም ውሉ “በኖቲስ ጊዜ ይከፈላል” ካለ ጠይቅ፣ ደህና ክርክር አለህ።

ለሚቀጥለው ውል ግን ከመፈረምህ በፊት “በኖቲስ ጊዜ ሥራ ባይሰጠኝም የቀን ክፍያዬ ይታሰባል” የሚል አንድ መስመር ጠይቅ። እምቢ ካሉ አንተም ኖቲስህን ወደ አንድ ሳምንት አሳጥር። እነሱ በሰዓታት እየሸኙህ አንተ አንድ ወር የምትታሰርበት ምክንያት የለም።

ጥያቄ፦ ክላየንቱ በቀጥታ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ኤጀንሲው ደግሞ “ለ12 ወር አትችይም፣ እንከስሻለን” ብሎ አስፈራራኝ።

መልስ፦ ኦፕት አውት አድርገሻል ወይስ አላደረግሽም? መልሱ እዚያ ላይ ይለያያል።

ካላደረግሽ፣ ሌላ ቦታ ስለሄድሽ ኤጀንሲው አንቺን መቅጣትም ማስፈራራትም አይችልም። የዚያው የ2003 ደንብ ቁጥር 6 ይከለክለዋል። ከክላየንቱ ግን የዝውውር ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ እሱም ጊዜ አለው። ሥራ ከጀመርሽበት 14 ሳምንት፣ ወይም ካቆምሽበት 8 ሳምንት፣ ከሁለቱ የሚዘገየው። ዓመት ከሠራሽ 14ቱ ድሮ አልፏል። የሚቀርሽ ከመጨረሻው የሥራ ቀን የሚቆጠረው 8 ሳምንት ነው። ክላየንቱ ክፍያውን ካልፈለገ፣ በኤጀንሲው በኩል ለተወሰነ ጊዜ ተጨማሪ ሠርተሽ በነፃ መሸጋገር የሚባልም አማራጭ አለው። ይህንን ለክላየንቱ ሰው ሀብት ክፍል ንገሪያቸው። ብዙዎቹ አያውቁትም፣ ያልኖረ ዕዳ ፈርተው ይሸሻሉ።

ኦፕት አውት ካደረግሽ ነገሩ በውሉ ላይ ይወድቃል። ያም ሆኖ ፍርድ ቤት የሚያስከብረው ተገቢ ጥቅምን ለመጠበቅ የሚበቃውን ያህል ነው። አንቺ ለሠራሽበት አንድ ክላየንት፣ ለስድስት ወር የሚል እገዳ ሊጸና ይችላል። “ከማንኛውም የኤጀንሲው ደንበኛ ጋር ለአንድ ዓመት” የሚል ግን ሲመረመር ይፈርሳል። በመካከል ድርድርም አለ፤ ክላየንቱና ኤጀንሲው በአንድ ክፍያ ተስማምተው ሲጨርሱት ብዙ ጊዜ ይታያል።

ጥያቄ፦ ውሉ በመካከል እያለ የቀን ክፍያዬን ከ420 ወደ 380 ዝቅ አድርገናል ብለው ኢሜይል ላኩ። ሁላችንንም ነው ይላሉ።

መልስ፦ ውል በአንድ ወገን አይለወጥም። ግን ዝም ብለህ ሥራህን ከቀጠልክና በ380 ኢንቮይስ ከላክህ፣ ተስማምተሃል ይባላል። ዝምታው ነው የሚጎዳህ። በዚያው ቀን ይህን የሚል ኢሜይል ላክ፤ “ኢሜይላችሁ ደርሶኛል። በቅናሹ አልተስማማሁም። የምሠራው በተፈረመው ውል፣ በቀን 420 ፓውንድ ነው። ኢንቮይስም በዚያው እልካለሁ።” አበቃ። ስድብ የለ፣ ልመና የለ።

ኤጀንሲው በኖቲስ ውሉን አቋርጦ በ380 አዲስ ሊያቀርብልህ ይችላል። ያ መብቱ ነው። ስለዚህ ገበያውን እየቃኘህ ተከራከር። ገበያው ቀዝቅዞ ሌላ ሥራ ከሌለህ የ40 ፓውንድ ቅናሽ መቀበል ነውር የለውም። የኖቲስ ጊዜውን ያህል ግን በ420 አስከፍላቸው።

ጥያቄ፦ ሥራ ለማፈላለግ 250 ፓውንድ የምዝገባ ክፈሉ የሚል ኤጀንሲ ገጠመኝ።

መልስ፦ አትክፈሉ። ከ1973 የኤጀንሲዎች ሕግ ጀምሮ፣ እንደ ሞዴሊንግና ትወና ካሉ ጥቂት መስኮች በቀር፣ ሥራ ፈላጊን ሥራ ስላፈላለጉለት ማስከፈል ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ በአምብሬላ ካምፓኒ (ቀጥሮኝ የኤጀንሲውን ክፍያ በደመወዝ መልክ በሚያስተላልፍልኝ ድርጅት) በኩል ነኝ። 300 በቀን ተባብለን፣ የደረሰኝ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። 300ው ለአምብሬላው የሚከፈለው ነው። ከዚያ ላይ የአሠሪው ናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) እና የአምብሬላው ማርጂን (የራሱ የአገልግሎት ክፍያ) ይቆረጣል፣ የአንተ ደመወዝና ግብር ከዚያ በኋላ ይጀምራል። የአሠሪው ድርሻ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 15 በመቶ ነው። ከ2020 ወዲህ ኤጀንሲው ይህን በቁጥር የሚያሳይ አጭር የመረጃ ሰነድ ከመፈረምህ በፊት ሊሰጥህ ይገባል። እሱን ከፔይስሊፕህ (ከደመወዝ ዝርዝር ወረቀትህ) ጋር መስመር በመስመር አስተያይ። በሰነዱ ላይ የሌለ ቅናሽ ካገኘህ፣ ወይም የዓመት ፈቃድ ክፍያህ የት እንደገባ ካልታወቀ፣ በሥራ ክርክር ላይ ምክር ወደሚሰጠው የእንግሊዝ ተቋም፣ ወደ ኤካስ ደውል፣ ነፃ ነው። በአምብሬላ ስትሆን ተቀጣሪ ነህ፣ ስለዚህ መንገዱ የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የጊዜ ገደቡ አጭር ነው፣ በወራት የሚቆጠር። አታዘግየው።

ጥያቄ፦ ቀድሜ ከወጣሁ 2,000 ፓውንድ ቅጣት የሚል አንቀጽ አለ። ከመጨረሻ ኢንቮይሴ ቆረጡት።

መልስ፦ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ቅጣት ነክ አንቀጾችን መርምሮ መለኪያውን አስቀምጧል። አንቀጹ ሊጠብቀው ከሚገባው ተገቢ ጥቅም ጋር ጨርሶ የማይመጣጠን ከሆነ አይጸናም። በዚያው ውሳኔ ላይ የ85 ፓውንድ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ጸንቷል፣ ስለዚህ ቅጣት ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም። “በእኔ መውጣት ያጣችሁትን በቁጥር አሳዩኝ” በላቸው። ክላየንቱ በማግሥቱ ሌላ ሰው ካስገባ 2,000ውን ማስረዳት ይከብዳቸዋል።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ለለንደን ኤጀንሲ በርቀት እሠራለሁ። ከከዱኝስ?

መልስ፦ ውሉ የትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛው የሚል አንቀጽ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝ ነው። መብት ይኖርሃል፣ ለማስከበር ግን ከዚያ ሆነህ ድካሙ ብዙ ነው። ስለዚህ የተያዘብህ ገንዘብ እንዳይከመር አድርግ። በወር ሳይሆን በሳምንት ኢንቮይስ ላክ፣ አንድ ኢንቮይስ ከዘገየ ቀጣዩን ሥራ አቁም። ከመጀመርህ በፊት ደግሞ የኤጀንሲውን ስም በእንግሊዝ የካምፓኒዎች መዝገብ ላይ ፈልግ። በነፃ ነው። የተመዘገበው መቼ እንደሆነ፣ የሒሳብ ሪፖርቱን በጊዜው ያስገባ እንደሆነ፣ የሚዘጋ የሚል ማስታወቂያ ያለበት እንደሆነ ታያለህ። ሪፖርቱ የዘገየበት ኤጀንሲ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቅ። ይህ እዚህ ላላችሁትም ይሠራል፤ ኤጀንሲው ቢከስር እናንተ ዋስትና ከሌላቸው ባለ ዕዳ ጠያቂዎች ተርታ ነው የምትቆሙት፣ ባንኩ ከእናንተ ይቀድማል።