ከጎጃም ወደ ኑክሌር ፊዚክስ ላብ፦ ጥያቄና መልስ

ፊዚክስ ተምራችሁ ወደ ኑክሌር ምርምር፣ በተለይ ወደ ሙከራው በኩል መግባት የምትፈልጉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ፒኤችዲዬን በጋማ ጨረር ልኬት እየሠራሁ ነው።

ጋሼ፣ ማስተርሴን የሠራሁት በቴዎሪ ነው። ዲቴክተር (የጨረር መለኪያ መሣሪያ) በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አለቀልኝ ማለት ነው? (ደብረ ማርቆስ)

ኧረ ምን ሲደረግ! ዳታ የሚተነትነው ሩት እና ሙከራን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚሠራው ጂአንት 4 የሚባሉት ሶፍትዌሮች በነፃ ይወርዳሉ። በጂአንት 4 አንድ የሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር ሥራና ፊቱ የጋማ ጨረር ምንጭ የሆነውን ሲሲየም 137 አስቀምጥ። 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ፒክ ታያለህ። ከሱ ወደ ግራ ደግሞ 477 አካባቢ ድንገት የሚቆረጥ ገደል አለ፤ ኮምፕተን ኤጅ ይባላል። ለምን እዚያ ላይ እንደተቆረጠ በወረቀት አስልተህ አሳይ። ይቺን አንድ ገጽ ከማመልከቻህ ጋር ብታያይዝ «ለምርምር ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ከሚል ደብዳቤ ትበልጣለች።

አማካሪዬ የአፈርና የጤፍ ጨረር ለኪ አሉኝ። እኔ የምፈልገው አክሴለሬተር (ቅንጣቶችን የሚያፈጥን ማሽን) ላይ መሥራት ነው። ይሄም ምርምር ነው? (ባሕር ዳር)

ነው እንጂ፣ እህቴ። እኔ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። አፈሩን አድርቀሽ፣ ነፍተሽ፣ ዕቃው ውስጥ አየር እንዳያስወጣ አድርገሽ ታሽጊዋለሽ። ከዚያ አራት ሳምንት ገደማ ይቀመጣል። አፈሩ ውስጥ ካለው ሬዲየም የሚወለደው ሬዶን 222 ጋዝ ስለሆነ ያመልጣል፤ ግማሽ ዕድሜው 3.8 ቀን ነው። እሱና ልጆቹ (ሲፈርስ የሚወለዱት) ከሬዲየም ጋር እስኪመጣጠኑ ካልጠበቅሽ የሬዲየም ቁጥርሽ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ተማሪ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያንኑ ዓይነት ባዶ ዕቃ ለናሙናው የሰጠሽውን ያህል ሰዓት ለኪው። የግድግዳውና የወለሉ ጨረርም አብሮ ይቆጠራል፤ ያን ቀንሺ። ከዚያ በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት 609 ላይ ቢስመዝ 214፣ 1461 ላይ ፖታሲየም 40፣ 2615 ላይ ታሊየም 208 ትፈልጊያለሽ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፒኮቹ ቦታቸውን ለቀው ልታገኚያቸው ትችያለሽ። የፖታሲየሟ ሁሌም ስለማትጠፋ በሷ አረጋግጪ። ካሊብሬሽን (ፒኮቹን በታወቀ ኃይል ማስተካከል)፣ ባክግራውንድ (ከአካባቢው የሚመጣው ጨረር)፣ የስህተት መጠን፦ አክሴለሬተር ያለበትም ቦታ ውሎሽ ይኸው ነው። ማሽኑ ብቻ ይገዝፋል።

የት ላመልክት? (ከብዙዎች)

ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ያለውን ዓለም አቀፍ የቴዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል፣ አይሲቲፒን እዩ። ፓኪስታናዊው ፊዚሲስት አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋመው ማዕከል ነው። ሀገር ቤት ፒኤችዲ ለተመዘገበ ሰው ደግሞ «ስቴፕ» የሚባለው ፕሮግራሙ አለ፤ እዚሁ እየተማራችሁ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት ውጭ ላብ ትሠራላችሁ። ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን አጠገብ አይቴምባ ላብስ የሚባል የምርምር ላብ አለ። ሳይክሎትሮኑ (ክብ አክሴለሬተሩ) ፕሮቶንን እስከ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያደርሳል። ለሴቶች የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በማሪ ኩሪ ስም የማስተርስ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ቀኑን ከየድረ ገጹ እዩ፤ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን አትመኑ።

እናቴ «መካን ያደርግሃል» ብላ ፈርታለች። ምን ልበላት? (ፍኖተ ሰላም)

የተማሪ ላብ የጨረር ምንጭ ደካማ ነው በላቸው። በጨረር ለሚሠራ ሰው የተፈቀደው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ደረት ላይ የሚደረገው መለኪያም ይቆጣጠራል። ከተፈጥሮ ብቻ ሰው በዓመት በአማካይ 2.4 ያገኛል። በእሳቸውም ሰውነት ውስጥ ጨረር የሚያወጣው ፖታሲየም 40 አለ፤ ይሄን ግን ባትነግራቸው ይሻላል።

ኮዲንግ ግድ ነው? (ዳንግላ)

ግድ ነው። በፓይተን ጀምር፤ ጂአንት 4 ላይ ስትደርስ ሲ ፕላስ ፕላስ ትፈልጋለህ። ላፕቶፕህ አሮጌ ከሆነ ሲሙሌሽኑን ማታ ለቀኸው ተኛ።