ለበሬ የማይወጣ ሕግ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ባርነት የሚጠይቁ ናቸው። ሦስቱ ስለ አሜሪካው፣ አንዱ ስለ እኛው። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ የእነሱ ነው። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤት ስለ ባርነት እየተማሩ ነው። ራት ላይ «አባዬ፣ ያን ያህል ብዙ ሰው ሆነው ለምን ዝም ብለው ተገዙ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ «እኛ እኮ አድዋ ላይ…» እያልኩ ነበር። ምን ልበላት?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ «ዝም ብለው» የምትለዋን እናውጣት። ዝም አላሉም። በ1739 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ስቶኖ ወንዝ አጠገብ መሣሪያ ነጥቀው ተነስተዋል። በ1831 ቨርጂኒያ ውስጥ ናት ተርነር የመራው አመፅ ከ50 በላይ ነጮችን ገድሏል፤ በቀሉ ደግሞ እጃቸው የሌለበትን ብዙ ጥቁሮች ጭምር ጠርጎ ወሰደ። የሚኮበልለውም ብዙ ነበር።

አድዋን ግን እዚህ አናምጣው። አድዋ ላይ አገር ነበረ፣ ንጉሥ ነበረ፣ ጠመንጃና ስንቅ ነበረ። እነዚህ ሰዎች የሚሸሹበት ዘመድ፣ የሚሸሸጉበት ተራራ፣ አቤት የሚሉበት ዳኛ አልነበራቸውም። በ1860 ቁጥራቸው ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ፊልም ላይ የምናየው ጅራፉን ነው። ጅራፉም በደንብ ነበረ። ግን 4 ሚሊዮን ሰው በጅራፍ ብቻ አይያዝም። እኔን ከጠየቁኝ ዋናው ገመድ ቤተሰብ ነው።

ቨርጂኒያ በ1662 አንድ ሕግ አወጣች። የሚወለደው ልጅ ነፃ ይሁን ባሪያ የሚወሰነው በእናቱ ነው የሚል። እንግሊዞቹ እንደኛው ልጅን በአባቱ ነው የሚቆጥሩት። እዚህ ላይ ሲደርሱ ግን ገለበጡት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጌታው በእጁ ያለችውን ሴት ደፍሮ ቢያስወልዳት የተወለደው ልጅ ልጁ ሳይሆን ንብረቱ ይሆናል። ወንጀሉ ትርፍ ያስገኝለታል ማለት ነው። ሚዙሪ ውስጥ ሲሊያ የምትባል ልጅ ነበረች። ገና 14 ዓመት ገደማ ሳለች ሚስቱ የሞተችበት አንድ ባለ እርሻ ገዛት፤ ለዓመታት ደፈራት። በ1855 አንድ ሌሊት ሲመጣባት በዱላ መታችው፣ ሞተ። የግዛቲቱ ሕግ «ማንኛዋም ሴት» ብሎ ራሷን ከመደፈር የምትከላከልን ሴት ይጠብቅ ነበር። ጠበቆቿም ይህንኑ ጠቀሱላት። ዳኛው ለእሷ እንዲሠራ አልፈቀደም። ዓመቱ ሳያልቅ ተሰቀለች።

ከዚያ ሽያጩ አለ። ከ1808 ጀምሮ ሰው ከውጭ ማስገባት በሕግ ተከለከለ፤ የጥጥ እርሻው ግን ወደ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና እየሰፋ ነው። እንደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉት ሻጭ ሆኑ። እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ድረስ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ከፊሉ ተሽጦ ከፊሉ ከጌታው ጋር፣ ወደ ጥጡ አገር ተነድቷል። እንግዲህ ጌታው ሁልጊዜ መምታት እንኳ አያስፈልገውም። «ልጅሽን እሸጠዋለሁ» ካላት በቃ። ሌሊት ተነስቶ ባርነት ወደሌለበት ወደ ሰሜን ልሂድ የሚል ጎልማሳ ቢኖር ሚስቱ እዚያ ናት፣ እናቱ እዚያ ናት፣ ጥሏቸው ቢሄድ ቅጣቱ እነሱ ላይ እንደማይወርድ ምን ዋስትና አለው? ይዟቸው ቢሄድ ደግሞ ሕፃን ጫካ ውስጥ ያለቅሳል።

ለልጅዎ ይህን ሁሉ ሕግ አይዘርዝሩላት። ከባርነት አምልጦ የራሱን ታሪክ ስለጻፈው ስለ ፍሬድሪክ ዳግላስ ይንገሯት። የተወለደው እዚያው ሜሪላንድ፣ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ታልቦት ካውንቲ ነው። ገና ጡት ሳይጥል ከእናቱ ለዩት። እሷ 12 ማይል፣ ማለትም 19 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለሌላ ሰው እርሻ ተከራይታ ነበር። የቀኑን ሥራ ጨርሳ በሌሊት በእግሯ ትመጣለች፣ አጠገቡ ተኝታ ታስተኛዋለች፣ ልጁ ሲነቃ የለችም። ፀሐይ ስትወጣ ማሳው ላይ ካልተገኘች ትገረፋለች። በሕይወቱ ያያት አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁሉም በጨለማ። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተች። የሞቷን ወሬ ሲሰማ የማያውቀው ሰው የሞተ ያህል እንደተሰማው ጽፏል። የተወለደበትን ቀንም አያውቅም። የእኛም አያቶች አያውቁም ትሉ ይሆናል፤ ግን ማን ከለከላቸው? እሱ ጌታውን መጠየቅም አይፈቀድለትም ነበር።

ጥያቄ፦ የታሪክ ተማሪ ነኝ፣ ጎንደር። መምህራችን «ጌቶቹ ጥቁሮችን እንደ እንስሳ ነበር የሚያዩአቸው» አሉን። እንደ እንስሳ ስለሚያዩአቸው ነው እንደዚያ ያደረጓቸው፣ ወይስ ሰው መሆናቸውን እያወቁ? ልዩነት ያለው ይመስለኛል።

መልስ፦ ልዩነትማ አለው እህቴ። መምህርሽን ቅር አይበላቸውና እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። እያወቁ ነው።

ማንበብ መከልከሉን ውሰጂ። ደቡብ ካሮላይና ከስቶኖው አመፅ በኋላ፣ በ1740፣ ባሪያን መጻፍ ያስተማረ 100 ፓውንድ እንዲቀጣ ደነገገች። በዚያው ሕግ ከበሮ ተከለከለ፤ ልብሳቸው ከየትኛው ርካሽ ጨርቅ እንደሚሰፋ ሳይቀር ተጻፈ። ከናት ተርነር አመፅ በኋላ አላባማ ማንበብ የሚያስተምርን ሰው ከ250 እስከ 500 ዶላር መቅጣት ጀመረች። ዳግላስ በ1852 ሮቸስተር ከተማ ባደረገው ንግግር ይህችን ነገር ነው የያዘው። ለሜዳ አራዊት እንዲህ ያለ ሕግ ወጥቶ ካሳያችሁኝ ያኔ ስለ ባሪያው ሰውነት እንከራከራለን አላቸው። ልክ ነው። በሬ ማንበብ እንዳይማር ሕግ የሚያወጣ ማን አለ?

እሱ ራሱ ባልቲሞር ውስጥ ልጅ ሳለ የሚያገለግልበት ቤት እመቤት ፊደል ታስቆጥረው ጀምራ ነበር። ባሏ ሲደርስባት ተቆጣ። ይሄ ልጅ ማንበብ ከቻለ የሚይዘው የለም፣ ለባርነት አይሆንም አላት። ልጁ ቆሞ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ዳቦ በኪሱ እየያዘ መንገድ ላይ ለሚያገኛቸው የድሃ ነጭ ልጆች እየሰጠ ፊደሉን ከእነሱ ጨረሰ። ጌቶቹ ፊደልን የፈሩት በከንቱ አልነበረም። ከእርሻው ለመውጣት የጌታ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። መንገዱ ላይ ደግሞ ሮንድ አለ፤ ደቡብ ካሮላይና ሮንዱን ያቋቋመችው ገና በ1704 ነው። ወረቀት የሌለው ከተገኘ እዚያው ይገረፋል። መጻፍ የሚችል ሰው ግን ይለፉን ራሱ ይጽፈዋላ! ዳግላስ በ1836 ከጓደኞቹ ጋር ለማምለጥ ሲያቅድ ያደረገው ይህንኑ ነው። ተነቃባቸው። በ1838 በሌላ ዘዴ አመለጠ።

ፍርድ ቤቱስ አያውቅም ነበር? ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ጆን ማን የሚባል ሰው ሊዲያ የምትባል ባሪያ ከእመቤቷ ተከራየ። ሊቀጣት ሲል ሮጠች፣ ተኩሶ አቆሰላት። የታችኛው ፍርድ ቤት ፈርዶበት ነበር። በ1829 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛ ቶማስ ራፊን ነፃ አወጣው። የባሪያው መገዛት ፍጹም እንዲሆን የጌታው ሥልጣን ፍጹም መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። እዚያው ፍርድ ላይ የነገሩ ጭካኔ እንደሚሰማውም አምኗል። ተሰማው፣ ፈረመ። ሐኪሞቹም አልቀሩም። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል የሉዊዚያና ሐኪም መኮብለል በሽታ ነው ብሎ «ድራፔቶማኒያ» የሚል ስም አወጣለት። ካዘዛቸው መድኃኒቶች አንዱ ግርፊያ ነው።

ሰውነታቸውን እያወቁ ነው ካልን፣ ሰውነቱን በየቀኑ መፋቅ ሥራ ይጠይቃል ማለት ነው። ሥራውንም ከሕፃንነት ይጀምሩታል። ዳግላስ ባደገበት እርሻ የልጆቹ ምግብ የበቆሎ ገንፎ ነበር፤ በትልቅ የእንጨት ገንዳ መሬት ላይ ይቀመጥና ይጠራሉ። ማንኪያ የለም። አንዱ በባሕር ዛጎል፣ ሌላው በእጁ እየዛቀ፣ የፈጠነው ጠግቦ ይነሳል። የ1850ውና የ1860ው የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ ደግሞ በጌታው ስም ሥር የባሮቹ ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ተደርድሯል፤ የራሳቸው ስም ግን የለም።

ገበያውን ልንገርሽ። ሰሎሞን ኖርዘፕ የኒው ዮርክ ነፃ ሰው ነበር፤ ሥራ አለ ተብሎ ተታሎ ዋሽንግተን ሲሄድ፣ በ1841፣ ታፍኖ ተሸጠ። ነፃ ነኝ ባለ ጊዜ እስኪበቃው ደበደቡት። ኒው ኦርሊንስ ሲደርስ ስሙን ፕላት አሉት። እዚያ ነጋዴው ሰዎቹን አጥቦ፣ ጢማቸውን አስላጭቶ፣ አዲስ ልብስ አልብሶ ያቆማቸዋል። አንዱ ቫዮሊን ይመታል፣ ሌሎቹ ይጨፍራሉ፤ ደስተኛ መምሰል አለባቸው። ገዢው መጥቶ እጃቸውን ይዳብሳል፣ አፋቸውን ከፍቶ ጥርስ ያያል። አንዳንዴ አስወልቆ ጀርባ ያያል። ጀርባው ላይ የግርፋት ጠባሳ ያለበት ሰው ዋጋው ይወርዳል፤ ለካ አመፀኛ ነው ይባላል።

ኖርዘፕ ጥጡ ላይ ያየውም አለ። ማታ እያንዳንዱ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ሚዛኑ ይሄዳል። የቀን ሥራ የሚባለው 200 ፓውንድ፣ 90 ኪሎ ያህል ነው። ከጎደለ ይገረፋል። አሥር ሃያ ፓውንድ ከበለጠስ? ጌታው ነገ የሚጠብቅበትን ያን ያህል ከፍ ያደርግበታል። ስለዚህ ማንም፣ ምንም ያህል ደክሞት ቢውል፣ ሳይፈራ ወደዚያ ሚዛን አይሄድም ነበር። እኔን ከጅራፉ ይልቅ የሚዘገንነኝ ይሄ ነው። ጉብዝናህ ራስህ ላይ የሚፈርድበት ቤት።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሰዎች ክርስቲያን ነን ይሉ የለም እንዴ? ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ ሰው ይሸጡ ነበር?

መልስ፦ አዎ። መጀመሪያ ላይ አንድ ፍርሃት ነበራቸው፤ የተጠመቀ ባሪያ ነፃ ልውጣ ቢልስ? ቨርጂኒያ በ1667 ገላገለቻቸው። ጥምቀት ነፃ አያወጣም የሚል ሕግ አወጣች። በእንግሊዝ የካሪቢያን ደሴቶች ላሉት ደግሞ በ1807 ለንደን ላይ የተቆራረጠ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመላቸው። ዮሴፍ ለባርነት ሲሸጥ አለ፤ ሙሴ ሕዝቡን ከግብፅ ሲያወጣ የለም። «ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም» የሚለው የገላትያ ቃልም ወጥቷል። ባሮች ሆይ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ የሚለው የኤፌሶን ቃል ግን ቦታው ላይ ነው።

ባሮቹ ግን አይሰሙም ነበር። ማታ ጫካ ገብተው በራሳቸው ይጸልዩ፣ ስለዚያው ስለ ሙሴ ይዘምሩ ነበር። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን መዝሙር የጥቁር ሰባኪዎች እንዴት እንደሚወዱት አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ጌቶቹ በዓሉንም መሣሪያ አድርገውታል። ከገና እስከ አዲስ ዓመት ዕረፍት ይሰጣል። ዳግላስ እንደጻፈው በዚያ ሳምንት ቁጭ ብሎ መጥረጊያና ምንጣፍ የሚሠራ ሰው አይወደድም፤ የሚወደደው የሚሰክረው ነው። ጌቶቹ ማን የበለጠ ውስኪ ይጠጣል እያሉ ውርርድ ይያዙ ነበር። ነፃነት ማለት ይሄ ማቅለሽለሽ ነው እንዲሉ ነው። በአዲስ ዓመት ማግስት ብዙዎቹ ወደ ሥራ በደስታ ነው የሚመለሱት ይላል። ተንኮል እንዲህ ነው!

ጥያቄ፦ ስለ አሜሪካ ሲሆን አፋችሁ ይፈታል። የእኛ አገሩስ? ባሪያ ፈንጋይ የሚባለው ከየት መጣ? አዲስ አበባ።

መልስ፦ ነበረ፣ እንዴት አልነበረም። ፍትሐ ነገሥቱም ያውቀዋል። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታለች፤ በ1924 አዋጅ ወጣ። በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው ግን ከጣሊያን በኋላ በ1942፣ በእኛ 1934 ዓ.ም. ነው። የሩቅ ዘመን አይደለም፤ አያቶቻችን ያዩት ነው። አሠራሩ ከሚሲሲፒው ይለያል፣ ብዙው የቤትና የጓሮ ሥራ ነበር፤ ስለተለየ ግን ቀለለ አይባልም። ልጅ ከደጁ ተነጥቆ ከዘመዱ የሚለይበት አገር ነበር። ዛሬም ሰርግ ሲታሰብ ዘር የሚቆጥሩ፣ ያንን ቃል ለስድብ የሚወረውሩ አሉ፤ ሁላችንም ሰምተናል።

ስለዚህ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በአንድ አንቀጽ የሚያልቅም አይደለም። ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ፣ ከተሸጠውም ወገን ይሁን ከገዛው፣ ጻፉልን። ስም አናወጣም። ለሚቀጥለው ወር የምናዘጋጀው ከዚያ ነው።