የጥምቀቱ ጉዞ በ12 ሲደርስ

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የምኖር ሴት ነኝ። ወንድሜ ከሁለት ልጆቹ ጋር ከውጭ አገር ለጥምቀት እንደሚመጣ ሲነግረኝ፣ እናታችንን ጨምረን አምስት ሆነን የሰባት ቀን የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የላሊበላ ጉብኝት ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ገዛሁ። ለአንድ ሰው 46,000፣ በድምሩ 230,000 ብር ነው። ግማሹን በኅዳር፣ ቀሪውን ከመነሻው በፊት በስሜ ከፍያለሁ። የፕሮግራሙ ወረቀት ጥር 8 ከአዲስ አበባ ተነሥተን የጣናን ገዳማት ጎብኝተን ለከተራ ጎንደር እንደምንገባ፣ ከጥምቀት በኋላ ላሊበላ እንደምንሄድ፣ ፈቃድ ያለው እንግሊዝኛ ተናጋሪ አስጎብኚ እንደሚመደብልን፣ የሁሉም ቦታ መግቢያ እንደተካተተ ይገልጻል።

መኪናው ተበላሽቷል ተብለን የተነሣነው ጥር 10 ነው። ጥምቀትን ጣና ላይ ዋልን። ክብራን ገብርኤል ስንደርስ ደግሞ ሴት አይገባም ተብሎ እኔና እናቴ ጀልባ ላይ ቀረን። ጎንደር የገባነው ጥር 12 ቀትር ላይ ነው። አስጎብኚያችን ሹፌሩ ነበር። ለልጆቹ መግቢያ የውጭ ዜጋ ዋጋ ከኪሳችን አስከፈሉን። የወንድሜ መመለሻ ስለደረሰ ላሊበላን ትተን ጥር 14 በራሳችን ትኬት፣ 45,000 ብር አውጥተን፣ ከጎንደር ተመለስን። ድርጅቱ፦ “የመኪና ብልሽት ከአቅም በላይ ነው። በ12ም ቢሆን የሚካኤልን ታቦት አይታችኋል። ላሊበላን የተዋችሁት እናንተ ናችሁ። ደረሰኙም ቀብድ አይመለስም ይላል” አለን። ሕጉ ምን ይላል? ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ፦ ስለ ጥር 12 የነገሩዎት ውሸት አይደለም። ቃና ዘገሊላ ነው፣ ሚካኤልም የሚገባው ያን ዕለት ነው። ግን ይህን ክርክር በጽሑፍ ቢያቀርቡልኝ ደስታዬ ነው። ከተራ በ10፣ ጥምቀት በ11፣ ቃና ዘገሊላ በ12 መሆኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ ነጋዴ፣ የቀኑን ዋጋ አላወቅሁም ማለት አይችልም። ሰው ከባሕር ማዶ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሮ ጎንደር የሚመጣው፣ ከቀሃ ወንዝ በተሞላው በዐፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ በ11 ማለዳ ለመቆም ነው። በ12 ቀትር ግንቡም መዋኛውም ቦታቸው ላይ ናቸው፣ የጥምቀቱ ማለዳ ግን አልፏል።

የጉዳይዎ እምብርት ይኼ ነው፤ ሕጉም ያውቀዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንዱ ወገን ግዴታውን ሳይፈጽም ሲቀር፣ ሌላው እንዲፈጸምለት፣ ወይም ውሉ እንዲሰረዝለት፣ እንደ ነገሩም ካሳ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል (አንቀጽ 1771)። በመደበኛው አካሄድ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል (አንቀጽ 1772)። ሆኖም ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ ሊፈጸም የሚችል ሆኖ ያ ጊዜ ካለፈ፣ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም (አንቀጽ 1775)። ለዚህ አንቀጽ ለተማሪዎች ምሳሌ ስጥ ብባል ከጥምቀት ጉዞ የተሻለ አላገኝም። የሠርግ ድንኳን በሠርጉ ማግስት ቢመጣ ምን ይሠራል? ስለዚህ “ለምን ቀድማችሁ በጽሑፍ አላስጠነቀቃችሁንም?” ቢሉዎት፣ ቢያንስ ስለ ጥምቀቱ የሚያነሡት መከራከሪያ አያዋጣቸውም።

ወደ መኪናው እንምጣ። “ከአቅም በላይ” የሚለው ሐረግ በዚህ ከተማ የማይገባበት ቦታ የለም። ሕጉ ግን ጠበብ አድርጎ ነው የያዘው። ባለዕዳው፣ ማለትም ግዴታውን መፈጸም የነበረበት ወገን፣ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል፣ ግዴታውንም ፈጽሞ እንዳይፈጽም የሚከለክል ድንገተኛ ነገር መሆን አለበት። ሊገመት የሚችል ነገር፣ ወይም ሥራውን ውድና አድካሚ ብቻ የሚያደርግ ነገር አይበቃም (አንቀጽ 1792)። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ምሳሌዎቹን ይዘረዝራል፦ የመንግሥት ክልከላ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ጎርፍን የመሰለ የተፈጥሮ አደጋ፣ ጦርነት፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ጽኑ ሕመም። መንገዱ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ መልስ ሌላ ነበር። የሞተር ብልሽት ግን መኪና ይዞ ለሚኖር ድርጅት የዕለት እንጀራው አካል ነው። ሌላ መኪና ተከራይቶ ወይም ጎንደር ድረስ በአውሮፕላን ልኮ ከከተራ ማድረስ ይችል ነበር። ወጪው ይበዛበት ነበር፣ እርግጥ ነው፣ ግን የሱ ወጪ ነው። ጥፋት ነበረበት ወይም አልነበረበትም ብለው ማስረዳትም አይጠበቅብዎትም። በውል ጉዳይ ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንደገጠመው ካላስረዳ በቀር፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተጠያቂ ነው (አንቀጽ 1791)።

ስለ ቀብዱ ትንሽ ልቆይ፤ ቢሮዬ ከሚመጣው ሰው ብዙው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ሰው “ቀብድ በሕግ አይመለስም” ብሎ ያምናል። ሌላው ግማሽ ደግሞ “እጥፉን ይከፍሉኛል” እያለ ይመጣል። ሁለቱም ከአንድ አንቀጽ የተቆረሱ ናቸው። አንቀጽ 1885 የሚለው፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ትቶ ሲወጣ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ቀብድ የተቀበለው ሰው ትቶ ሲወጣ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ነው። እርስዎ ውሉን ትተው አልወጡም፤ እንዲያውም ቀሪውን ከፍለው፣ ሻንጣ ይዘው ተሳፍረዋል። ሙሉውን ከከፈሉ በኋላ በኅዳር የሰጡት ገንዘብ የዋጋው አካል ሆኗል፣ ለብቻው “ቀብድ” ብሎ የሚያስቀሩት ነገር የለም። በሌላ በኩል ድርጅቱም ጉዞውን ሰርዤአለሁ አላለም፤ አዘግይቶና አጉድሎ ፈጸመ። ስለዚህ እጥፍ ይከፈለኝ ብለው ክስ ውስጥ ባይጨምሩት እመክራለሁ። ዳኛ ፊት የማያዋጣ ጥያቄ ሲታከልበት የሚያዋጣውም ይደበዝዛል።

ደረሰኙ ጀርባ ላይ ያሉት ደቃቅ ጽሑፎችስ? አንድ ነጋዴ ለሁሉም ደንበኛ ብሎ ያተመው አጠቃላይ የውል ቃል እርስዎን የሚያስገድድዎ በመሠረቱ አውቀው ከተቀበሉት ነው (አንቀጽ 1686)። አሻሚ ሲሆንም የሚተረጎመው ካዘጋጀው ወገን በተቃራኒ ነው (አንቀጽ 1738)። ገንዘቡን ከፍለው ካበቁ በኋላ የተሰጠዎ ደረሰኝ ላይ ያለ ጽሑፍ፣ ከመክፈልዎ በፊት የተስማሙበት ውል ነው ለማለት ይከብዳል። የልጆቹ መግቢያም በዚሁ ይታያል። ወረቀቱ “የሁሉም ቦታ መግቢያ ተካቷል” ካለና ልጆቹ ከውጭ እንደሚመጡ ሲመዘግቡ ከነገሯቸው፣ “ለኢትዮጵያዊ ማለታችን ነው” የሚለው ማብራሪያ ዘግይቶ የመጣ ነው። የከፈሉበትን የመግቢያ ደረሰኝ ካላስቀሩ ግን ይህን መጠን ማስረዳት ይቸግርዎታል።

ክብራን ገብርኤል ላይ የሆነው ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉም በላይ አናዶኛል። ገዳሙ ሴት እንደማያስገባ ባሕር ዳር ጀልባ የሚያስነሣ ሁሉ ያውቃል። ገዳሙን አንወቅሰውም፣ ሥርዓቱ ነው። ሁለት ሴቶች ያሉበትን ቡድን መዝግቦ ያንን ደሴት ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች፤ ሴትም ወንድም ገብቶ ሥዕሎቿን ያያል። የተባለው አስጎብኚ በቦታው ቢኖር ኖሮ ጀልባዋን ወደዚያ ማዞር የደቂቃ ውሳኔ ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። “እናንተ አትገቡም” የሚለው መረጃ መነገር የነበረበት ፒያሳ ላይ ነው። በገንዘብ ሲመነዘር ብዙ ላይሆን ይችላል፣ ግን የአስጎብኚውን አለመኖር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ የለዎትም። ስለዚህ በክሱ ውስጥ ሁለቱን አያይዘው ይጻፉት።

አሁን ሒሳቡ። እዚህ ላይ ላስከፋዎት እችላለሁ። 230,000ው በሙሉ ይመለስልኝ የሚለው ጥያቄ ሕጋዊ መሠረት አለው፦ የውሉ ዋና ዓላማ ስለተጓደለ ይሰረዝ፣ ተዋዋዮቹም ወደ ነበሩበት ይመለሱ ማለት ይቻላል (አንቀጽ 1785 እና 1815)። ነገር ግን አራት ሌሊት ሆቴል አድራችኋል፣ በልታችኋል፣ ፋሲል ግንብን አይታችኋል። ያደሩበትን ሌሊት መመለስ አይቻልም፤ ፍርድ ቤቱም ይህን ማመዛዘኑ አይቀርም። እኔ ክሱን የምጽፈው በዋና ጥያቄነት ሙሉ ዋጋውን፣ ያ ካልተፈቀደ ደግሞ በአማራጭ ያልተሰጠውን አገልግሎት ድርሻና ካሳውን በመጠየቅ ነው። ከሰባቱ ቀናት ሁለቱ ሙሉ በሙሉ አልተሰጡም፤ በቀን ብቻ ቢካፈል ወደ 65,700 ብር ይጠጋል። የአስጎብኚውን አበልና የጥምቀቱን መጓደል የሚያክል ቅናሽ በዚያ ላይ ይታከላል።

የአውሮፕላኑ ትኬት ለየት ያለ ነው። ካሳ የሚለካው አለመፈጸሙ በተለመደው አካሄድ ባደረሰው ጉዳት ልክ ነው (አንቀጽ 1799)። ውሉ ሲደረግ ልዩ ሁኔታዎን አሳውቀው ከሆነ ግን ከዚያ የበለጠውንም ያካትታል (አንቀጽ 1801)። “ወንድሜ ጥር 15 ይመለሳል” ብለው በቴሌግራም ጽፈውላቸው ከነበረ ያ መልእክት በገንዘብ የሚመነዘር ማስረጃ ነው። “ላሊበላን የተዋችሁት እናንተ ናችሁ” ለሚለውም መልሱ እርሱው ነው፤ ሁለቱን ቀን የበላው ማን እንደሆነ ይታወቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የከፈሉት ዋጋ የመመለሻ መኪናንም ይጨምራል። የመመለሻውን ድርሻ ከዋጋው አስመልሰው ትኬቱንም በሙሉ ቢጠይቁ አንድን ነገር ሁለቴ መጠየቅ ይሆናል፤ የተከሳሽ ጠበቃ ይህን አያልፍዎትም።

የእናትዎን ኀዘን በብር ለውጡልኝ እንዳይሉ ደግሞ አደራ። በሕጋችን የሕሊና ጉዳት በገንዘብ የሚካሰው ሕጉ በግልጽ በፈቀደባቸው ጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው፤ የቀረ ጥምቀት ከእነዚያ ውስጥ አይገባም። ስሜቱ ቢገባኝም ለዚህ አንቀጽ ልፈጥርልዎ አልችልም።

ከመክሰስዎ በፊት ደብዳቤ ይጻፉ። ለጥምቀቱ ግዴታ ባይሆንም ለቀሪው ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜም ነገሩ እዚያው ያልቃል። ምን እንደጎደለ በቀን በቀኑ፣ ምን ያህል እንደሚፈልጉ በቁጥር፣ እስከ መቼ እንደሚጠብቁ በቀን ይጥቀሱ። ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ሄደው በሪኮማንዴ፣ ማለትም በተመዘገበ ደብዳቤ፣ ይላኩና የመላኪያውን ወረቀት ያስቀሩ። የስልክ ጭቅጭቅ ማስረጃ አይሆንዎትም። ጎን ለጎን ለከተማው ንግድ ቢሮ በሸማችነትዎ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። የአስጎብኚነት ፈቃዱን በተመለከተ ደግሞ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ያለ አስጎብኚ ቡድን መላኩን ማወቅ ይፈልጋል። እነዚህ ቢሮዎች ድርጅቱን ይጠይቁታል እንጂ ገንዘብዎን ቆጥረው አይሰጡዎትም፤ ለዚያ የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። እዚያም ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ወደ አስማሚ የመላክ ዕድል አለ። እንዲህ ያለው ጉዳይ በአስማሚ ፊት ቢያልቅ እኔ ለደንበኛዬ አይቆጨኝም።

የተዋዋሉትም የከፈሉትም እርስዎ ስለሆኑ ከሳሽ መሆን የሚበቃው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ወንድምዎ ከውጭ ውክልና ለመላክ መንከራተት የለበትም። ተከሳሹን ግን በትክክል ይለዩት። በሩ ላይ የተለጠፈው ስም፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ስምና ገንዘቡ የገባበት የባንክ ሒሳብ ስም ሦስት ዓይነት ሆነው የተገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። በንግድ ፈቃዱና በቲን ቁጥሩ ያረጋግጡ። ገንዘቡ የገባው በሥራ አስኪያጁ የግል ሒሳብ ከሆነ ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።

ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ አሥር ዓመት ነው (አንቀጽ 1845)፣ ነገር ግን ስልክዎ አሥር ዓመት አይቆይም። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት የቴሌግራም መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ አይደረግም። ስለዚህ ንግግሩን ሳያጠፉ፣ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ አትመው ያስቀምጡ፤ ሹፌሩ ብቻውን ሲያስጎበኝ የተነሣ ፎቶም ካለ ይጨምሩበት። ድርጅቱ ጠርቶ “እናስተካክል፣ የፕሮግራሙን ወረቀት ይዘው ይምጡ” ካለዎት ኮፒውን ይዘው ይሂዱ፣ ዋናው ቤት ይቀመጥ።